መርገጫው መንገድ ላይ ነው

«ጠጥቷል» አለች ዶሚቲላ፣ ብርጭቆውን ሳትነካ ጎንበስ ብላ እያስተዋለች። «ትናንት አፉ ድረስ ነበር፤ ይኸው ጎድሏል። ወንድሜን ውሃ ጠምቶታል ማለት ነው።»

«ሙቀቱ ነው የጠጣው» አለች ኤውዶክሲያ።

«ተይ እንጂ፣ እንዲህ አይባልም።»

ኤውዶክሲያ አልተከራከረችም። ብርጭቆውን ከማሰሮው ሞልታ በነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከባሏ ፎቶግራፍ ፊት መልሳ አኖረችው። በፑዌርቶ ሳንታ ሪታ የሞተ ሰው ነፍስ ወዲያው አትሄድም። ዘጠኝ ቀን በቤቷ ትሰነብታለች፤ ጸሎት ይደረግላታል፣ ለረጅሙ መንገዷም ውሃ ይቀመጥላታል። በመጨረሻው ቀን ነጩ ጨርቅ ይነሣል፣ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈታል፣ ሚስትም ውሃውን ደጃፍ ላይ አፍስሳ ባሏን ትሸኘዋለች። ሚስቱ ያልሸኘችው ሟች ከቤት አይወጣም፣ ወንበር ሲያንቀሳቅስ ይኖራል ይባላል። ይህን ለማጣራት የደፈረ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

ፀሐይዋ ስትበርድ ሰዎች ለጸሎቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ወንዶቹ በደጅ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ካርታቸውን ዘረጉ፤ ሴቶቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ከትልቁ ፔርሙዝ ቡና ተቀዳ። ፀጉር አስተካካዩ ዶን ፕላሲዶ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከኤውዶክሲያ አጠገብ ተቀመጠ።

«ዶኛ ኤውዶክሲያ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «አሁን መናገሬ ነውር ካልሆነ፣ አንድ ነገር ሆዴን እየበላው ነው። በዚህ ጥር ልንሄድ ነበርኮ። እኔና እሱ።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ ነዋ፣ በሞተር ብስክሌቱ፣ ወደ ወንዙ መነሻ። ከኋላዬ አስቀምጥሃለሁ ብሎኝ ነበር። ‹ፕላሲዶ፣ አንተ ቀላል ነህ፣ ጎማ አትጎዳም› ይለኝ ነበር። በየከተማው ፀጉር እየቆረጥኩ ነዳጁን እንድችል መቀሴን ሁሉ አስስዬ ነበር። የኋላ መርገጫው ብቻ ነው ያልደረሰልን።»

ኤውዶክሲያ ቡናዋን መሬት አስቀመጠችው።

«መንገድ ላይ ነው አለዎት?»

«አዎ። ከዋናው ከተማ ታዟል፣ መንገድ ላይ ነው።»

ይህን ቃል ለዓመታት ሰምታዋለች። በቤቷ ውስጥ ለእሷ ብቻ የተነገረ ቃል ይመስላት ነበር።

ባሏ ቤሊሳሪዮ የማሻገሪያ ጀልባ ነጂ ነበር። በጠፍጣፋው ጀልባው ላይ ከብት የጫነ መኪና፣ ሙሽራ፣ አስከሬን፣ ገበያተኛ፣ ሁሉንም ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር ያመላልሳል። ዕድሜውን ሙሉ የማግዳሌናን ወንዝ አግድም ተመላለሰበት እንጂ በቁመቱ ሄዶበት አያውቅም። ወንዙ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው ይዞት ከሚመጣው ነገር ነበር፤ ከግንዱ፣ ከሞተው ላም፣ ከነጠላ ጫማው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን የጀልባውን አሮጌ ገመድ ያወጣና በምግብ ጠረጴዛው ላይ ልክ እንደ ወንዙ እያጣመመ ይዘረጋዋል። የቢራ ቆርኪዎቹ የነዳጅ ማደያዎች ናቸው፤ የበቆሎ ፍሬዎቹ የሚታደርባቸው ከተሞች። ሆንዳ ከተማ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ኔይቫ ላይ የሞተር ብስክሌቱ ካቴና ዘይት ይቀባል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነውና በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት መውጣት ያስፈልጋል። መለዋወጫ የጎማ ካላማዳሪያ፣ ካንዴላ፣ የዝናብ ልብስ። በሚያዝያ አይሞከርም፣ በጥቅምትም አይሞከርም፤ ደረቁ ወር ጥር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጠረጴዛውን ከቦ ይሰማል። ቤሊሳሪዮ ጣቱ የገመዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ይቆምና አንድ እግሩን ወደ ፊት ይዘረጋል።

«እዚያ ላይ፣ ብርዱ አገር፣ ወንዟ ይቺን ታክላለች። አንድ እርምጃ። ዕድሜ ልኬን በጀልባ የተሻገርኩትን ወንዝ በአንድ እርምጃ እሻገረዋለሁ። አንቺም ከኋላዬ ሆነሽ መጥተሽ ትሻገሪያለሽ።»

አንቺም ብሏት ነበር። ኤውዶክሲያ ይህን ቃል ይዛ ሱሪ ሰፋች። በዕድሜዋ ሱሪ ለብሳ አታውቅም። ወፍራም ጨርቅ ገዝታ፣ ጉልበቱን ደርባ፣ በራሷ ልክ ሰፋችውና ከሣጥኑ ግርጌ አኖረችው። ባሕር ማዶ ያለችው ልጃቸው «እማዬ፣ ስወልድ አጠገቤ ሁኚልኝ» ብላ ስትለምናት፣ «በጥር ከአባትሽ ጋር መንገድ አለብን፤ ከዚያ መልስ እመጣለሁ» አለቻት። ጥር መጥቶ ሄደ። ሁለተኛውም ልጅ በሌላ ጥር ተወለደ። የልጅ ልጆቿን የምታውቃቸው በስልክ መስታወት ላይ ብቻ ነው። «መርገጫውስ?» ብላ በጠየቀች ቁጥር ቤሊሳሪዮ እጁን በእጇ ላይ ጣል አድርጎ «መንገድ ላይ ነው» ይላታል። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ከሌለው ረጅም መንገድ እንደማይችል ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ጠበቀች።

በማግሥቱ ከጸሎቱ በፊት የመጣችው ጡረተኛዋ አስተማሪ ሰኞሪታ ኦፌሊያ ነበረች። እንደተቀመጠች መሐረቧን አውጥታ መልሳ ከተተችው።

«ክፉ ነገር እንዳልነበረ እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፣ ኤውዶክሲያ።»

«የቱ ነገር?»

«ጉዞው። መንገድ አመልካች እንድሆንለት ነበር። የየከተማውን ታሪክ እየነገርኩት… ከሌላ ሰው ብትሰሚው ብዬ ፈራሁ።»

«ከኋላው ተቀምጠሽ።»

«ከኋላው። ቡትስ ጫማ ሁሉ ገዝቼ ነበር» አለች ኦፌሊያ፣ አንገቷን ደፍታ።

«መርገጫው ሲደርስ።»

ኦፌሊያ ቀና አለች። «እንዴት አወቅሽ?»

ይህን ጊዜ ነጩ ጨርቅ ከለበሰው የጸሎት መሠዊያ አጠገብ መቁጠሪያዋን ስታዘጋጅ የነበረችው የጸሎት መሪዋ ዶኛ ትሪኒዳድ ዞር አለች። ዶኛ ትሪኒዳድ በር የምታልፈው በጎኗ ነው፤ ወንበርም ይዛ የምትመጣው ከቤቷ ነው።

«እኔን እንኳ አዝኖልኝ ነበር» አለች፣ በረጅሙ ተንፍሳ። «‹ዶኛ ትሪኒዳድ፣ መነሻው ላይ ቆመው ይጸልዩልኛል፤ ያለ ጸሎት አልሄድም› ብሎኝ ነበር። መርገጫው ግን ወፍራም ብረት መሆን አለበት፣ ለእሱ ነው የዘገየው አለኝ።»

መስኮቱ ክፍት ነበርና ከማንጎው ሥር ካርታ ተጫዋቾቹ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ሞተር ነበር ወይስ አውቶቡስ?» አለ አንዱ።

«እሷን ከኋላ ጭኖ ሽቅብ?» አለ ሌላው። «የፊት ጎማው ምድር አይነካም ነበር። በቀጥታ ገነት።»

«እሰማለሁ» አለች ዶኛ ትሪኒዳድ፣ ከመቀመጫዋ ሳትነቃነቅ። «የእናንተም ዘጠኝ ቀን ይደርሳል። ያን ጊዜ ጸሎቱን አሳጥረዋለሁ።»

ሳቁ ከውጭ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሴቶቹ በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ኦፌሊያም ሳቀች። ያልሳቀችው ኤውዶክሲያ ነበረች። ፎቶግራፉን ትመለከት ነበር። ቤሊሳሪዮ ፎቶግራፉ ውስጥ፣ ሰው ሲያባብል እንደሚያደርገው፣ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጓል።

ከዚያ በኋላ የሞተሩ ጉዳይ ተነሣ። ሞተሩ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ በመተላለፊያው ላይ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ቆሟል። አቧራ ለብሷል፤ በሐዘን ቀናት ቤት አይጠረግም፣ ዕቃም አይወለወልም። ዶሚቲላ ልጇ በሞተሩ ተሳፋሪ ቢያመላልስበት ትወድ ነበር።

«ቆሞ ከሚዝግ ይሥራበት» አለች ለኤውዶክሲያ፣ ቡና ለመቅዳት አብረው ወደ መተላለፊያው እንደወጡ። «ሰው ለመጫን ግን መርገጫ ያስፈልገዋል። ኤርሚኒዮ፣ ያ የታዘዘው ዕቃ ከምን ደረሰ?»

መካኒኩ ኤርሚኒዮ የኤውዶክሲያና የቤሊሳሪዮ ልጅ የክርስትና አባት ነው። በየቀኑ ይመጣል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ አያውቅም። ከሞተሩ አጠገብ ቆሞ ቡናውን ይጠጣል፣ ኩባያውን ይመልሳል፣ ይሄዳል። አሁን መሬት መሬቱን አየ።

«አበልጄ» አለችው ኤውዶክሲያ፤ «ጠይቃሃለች እኮ።»

«ዕቃው አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«ሱቄ። ቆርቆሮ ውስጥ። ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር።»

ዶሚቲላ አልገባትም። «ደርሶ ነበር እንዴ?»

«አልታዘዘም። አልተሰበረምም። ቤሊሳሪዮ ራሱ ሞተሩን ገፍቶ አምጥቶ ‹የኋላውን መርገጫ ፍታልኝ› አለኝ፤ ፈታሁለት። ‹ለጠየቀህ ሁሉ ታዟል በል› አለኝ፤ አልኩ።»

ኤውዶክሲያ ፔርሙዙን በሁለት እጇ ያዘች። «ለምን እንደሆነ ነገረህ?»

«ተይው አበልጄ፤ አፈሩ እንኳ አልደረቀም።»

«ነገረህ ወይ ነው የምልህ።»

«‹ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጭኜ ኖርኩ። አንድ ጊዜ ባዶዬን መሄድ እፈልጋለሁ› አለኝ። ‹ሰው ግን ፊቱ በርቶ ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ እምቢታውን ብረቱ ይናገርልኝ› አለኝ።»

«ከጫናቸው ውስጥ እኔም ነበርኩ?»

ኤርሚኒዮ ባዶውን ኩባያ በእጁ አዞረው፤ መልሶ አዞረው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ አልነበረም።

«እሺ» አለች ኤውዶክሲያ። ድምፏ አልተለወጠም። «ታዲያ ለምን አልሄደም? የኋላ ወንበሩ ባዶ ነበር። ማን ያዘው?»

«ይሄድ ነበር እኮ። በየዓመቱ፣ ጥር ሲመጣ አንድ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ሱቄ ይመጣል። ካቴናውን አጠብቅለታለሁ፣ ጎማውን አያለሁ፣ የዝናብ ልብሱን ከኋላ እናስራለን። ደህና ሁን ብሎኝ ይሄዳል። ቀትር ሳይሆን ተመልሶ በደጄ ያልፋል። ‹ምነው?› ስለው ‹ወደ ላይ ዝናብ አለ› ይለኛል።»

«በጥር?»

«በጥር።»

«እስከየት እየሄደ?»

«እስከ መገንጠያው። ያ የአይብ ዳቦ የሚሸጡበት ቦታ። አንዴ አጥብቄ ያዝኩትና ጠየቅሁት። ‹ዳቦው ትኩስ ነበር፤ ወደ ላይ ብቀጥል ይቀዘቅዝባታል› አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።»

ኤውዶክሲያ ዳቦውን አስታወሰችው። በየዓመቱ አንድ ጠዋት «ነዳጅ ልቅዳ» ብሎ ይወጣና በወረቀት የተጠቀለለ የአይብ ዳቦ ይዞ ይገባ ነበር። ወረቀቱ ቅባት ይዞ፣ ዳቦው ለብ ብሎ። «ለነዳጅ ደግሞ የዝናብ ልብስ ምን ይሠራልሃል?» ብላው ታውቃለች። «አይታወቅም» ነበር ያላት። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፤ እሱ ጥቂት ይቆርሳል፣ የቀረውን ወደ እሷ ይገፋዋል። እንዴት ያስባል ብላ በልታዋለች። ለጎረቤትም ነግራለች። አሁን ሊተዋት መውጣቱ ነው ወይስ ሳይተዋት መመለሱ የሚመረው፣ ለይታ ልታውቅ አልቻለችም። ለመሄድ ልብ ኖሮት ቢሆን እሷም ወደ ልጇ በሄደች ነበር። ሁለቱም መንገድ ያላቸው ሰዎች፣ አንዱ ለአንዱ ሲል ሳይሄድ፣ ተቀምጠው ዳቦ በሉ።

በዚያ ቀን ብርጭቆውን አልሞላችውም። በሚቀጥሉትም ቀናት አልሞላችውም።

በዋዜማው ዶሚቲላ ከመሠዊያው ፊት ቆማ ቀረች።

«ብርጭቆው ደርቋል።»

«ይጠማው።»

«ነገ መሸኛው ነው፣ ኤውዶክሲያ። ባዶ ብርጭቆ ይዘሽ ልትወጪ ነው?»

«አልወጣም። ባዶውን መሄድ የፈለገ ሰው ሸኚ ምን ያደርግለታል? ይቅር እዚሁ። ወንበር ያንቀሳቅስ።»

ዶሚቲላ ተቀመጠች። ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«ለእኔ ቃል አልገባልኝም» አለች ቆይታ። «ይህን ሁሉ ሰው እወስዳለሁ ሲል ለእኔ ለእህቱ አላለኝም። ተቀይሜው ነበር። አሁን ሳስበው ግን እኔ ጠይቄው አላውቅም። ያልጠየቀውን ሰው አልዋሸም።»

ኤውዶክሲያ ገመዱ የተዘረጋበትን ያን የመጀመሪያ እሑድ በሌላ ዐይን አየችው። ቤሊሳሪዮ እግሩን ዘርግቶ «በአንድ እርምጃ እሻገረዋለሁ» ብሎ ነበር፤ በዚያ አብቅቶ ነበር። ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ዕረፍት ነበረ። ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና «እኔስ?» ያለችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ዝም አለ። የተዘረጋውን እግሩን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ከዚያ ነው አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ «አንቺም» ያላት። ለዓመታት ያስቀመጠችው ቃሉን ነበር፤ ዝምታውን ጥላው ነበር።

ሞቱንም አሰበችው። ልቡ የቆመው በወንዙ መካከል፣ እጁ መሪው ላይ እንዳለ ነበር። ጀልባው አሳማ ከጫነ መኪና ጋር፣ ከሚጮሁ ተሳፋሪዎቹ ጋር ወደ ታች ሄደ፤ ሌሎች ጀልባዎች ደርሰው በገመድ እስኪይዙት ድረስ ብዙ ተጓዘ። ቤሊሳሪዮ ማግዳሌናን በቁመቱ የሄደው በዚያ ቀን ብቻ ነው። እሱም ወደ ታች። እሱም ሰው ጭኖ።

በመጨረሻው ቀን ቤቱ ከነደጁ ሞላ። ኤርሚኒዮ ቆርቆሮውን ይዞ መጣ፤ ሁለቱ መርገጫዎች ውስጡ ይንቀጫቀጫሉ።

«ልግጠመው፣ አበልጄ?»

«ነገ ለዶሚቲላ ልጅ ትገጥምለታለህ። ዛሬ እሱ እንደተወው ይሁን።»

ጸሎቱ አለቀ። ነጩ ጨርቅ ተነሥቶ ተጣጠፈ፤ ከሥሩ ያ የምግብ ጠረጴዛ ብቅ አለ። በሩ ወለል ተደረገ። ሰዎቹ ለነፍሱ መንገድ ለቀው በሁለት ወገን ቆሙ።

«ቤሊሳሪዮ» አለች ዶኛ ትሪኒዳድ፣ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ፤ «ከዚህ ቤት የሚያቆይህ ነገር የለም። መንገድህ ክፍት ነው።»

ሁሉም ወደ ኤውዶክሲያ ተመለከቱ። በእጇ ያለው ብርጭቆ ደረቅ ነበር፤ ሁሉም አየው። ዶሚቲላ ዐይኗን ጨፈነች።

ኤውዶክሲያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። የሣጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ስትወጣ ትከሻዋ ላይ ሱሪ ጣል አድርጋ ነበር፤ እጥፋቱ ያልተፈታ፣ ጉልበቱ የተደረበ ሱሪ። ማንም ለብሶት እንደማያውቅ ያስታውቃል። ወደ መተላለፊያው ሄዳ የሞተሩን መሪ በሁለት እጇ ጨበጠች። ዶን ፕላሲዶ ሊረዳት ተንቀሳቀሰ።

«ይተዉኝ» አለችው።

ሞተሩ ከባድ ነበር። ወደ ኋላ እየጎተተች አወጣችው፤ ደፉ ላይ ጎማው ያዛት፤ በዳሌዋ ደግፋ አሳለፈችው። ከማንጎው ሥር አዞረችውና ፊቱን ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ወደሚሄደው መንገድ አድርጋ አቆመችው። ከዚያ ተመልሳ ገባች፣ ብርጭቆውን ከማሰሮው እስከ አፉ ሞላች፣ በሁለት እጇ ይዛ በቆሙት ሰዎች መካከል ወጣች፤ ውሃውንም ከፊት ጎማው ሥር ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። መሬቱ ወዲያው ጠጣው።

ቀና ብላ ወደ ላይ፣ ወደ ሸለቆው ተመለከተች። ሰማዩ እስከ ተራራው ድረስ ጥርት ያለ ነበር።

«ዝናብ የለም» አለችው።

ሱሪውን ከትከሻዋ አወረደች። እጥፋቱን ፈታችና መሪውን ጠረገችበት፤ መስታወቶቹን፣ የነዳጅ ጋኑን፣ ከዚያም የነጂውን መቀመጫ። የተደረበው ጉልበት አቧራውን አነሣ፤ ጥቁሩ ቆዳ እያበራ መጣ። መቀመጫው ለሁለት በሚከፈልበት ስፌት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ዶኛ ኤውዶክሲያ» አላት ዶን ፕላሲዶ በዝግታ፤ «የኋላው መቀመጫ ቀርቷል።»

ሱሪውን በአቧራው በኩል ወደ ውስጥ አጠፈችው፣ በክንዷ ያዘችው፣ ወደ ቤት ገባች።